ከሴት ልጅ የተወደደ ጠመንጃ

ዘርጉና ያንን ጠመንጃ መጥላት ከጀመረች ሃያ ዓመት አልፏታል። ሰደፉ በዛጎል የተለበጠ፣ ቁመቱ ከእሷ የሚበልጥ፣ የባሏ የቱርያላይ ቅድመ አያት አገሩን በወረሩ እንግሊዞች ላይ የተኮሰበት ነው ይላሉ። ዛሬ አይጥ አይገድልም። ግን በየሐሙሱ የበግ ላት አቅልጣ ማሸት የእሷ ሥራ ነው። ልጆቿ ደረቅ ዳቦ በሻይ አርሰው በበሉባቸው ክረምቶች እንኳ ጠመንጃው ስብ አላጣም።

እያሸችው ሳለ ቱርያላይ ገባ።

"ስፖዝማይን እጠቢያት። ንጹሕ ልብስም አልብሻት።"

"ለምን?"

ቱርያላይ ግድግዳውን አየ። ታናሽ ወንድሙ በመስኖ ውሃ ተጣልቶ የሐጂ ጉልባትን ልጅ ገድሏል፤ ለማስታረቅ የመጡት ሽማግሌዎች ከሐጂ ጋር ደጅ ከሾላው ሥር ተቀምጠዋል።

"ለደሙ ወይ ጠመንጃውን ወይ ልጅቷን ስጡን አሉ።"

"እና?"

"ጠመንጃው የአባቶቼ ነው።"

"ልጅቷስ የማን ናት? የጎረቤት?"

"አፍሽን ያዢ! ሴት ልጅ መሄዷ መቼ ይቀራል?"

"ገና የወተት ጥርሷን ነቅላ አልጨረሰችም እኮ።"

"አንቺስ እንዲሁ አልመጣሽም? ሞትሽ?"

አዎ፣ እንዲሁ ነው የመጣችው። በደም ካሳ፣ ያለ ከበሮ፣ ያለ ሰርግ። አማቷ እስክትሞት ድረስ በስሟ ጠርታት አታውቅም፤ "የገዳይ እህት" ነበር የምትላት። ዘርጉና አፏ መረራት። ባሏን ከእግር እስከ ራሱ አየችው፤ የተበላሸ ሥጋ እንደሚያዩት።

ሽማግሌዎች ፊት ምንጣፍ ላይ የተቀመጠ መሣሪያ የማይታጠፍ ቃል ነው። መልሶ ያነሳው ሰው ከሰው አይቆጠርም። ይህን ከቱርያላይ ባልተናነሰ ታውቃለች።

ሻሿን አጠበቀች። ጠመንጃውን እንደ ማገዶ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች።

ከሾላው ሥር ደረሰች።

"ልጄ፣ ይህ የወንዶች ቦታ ነው" አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

"ወንዶቹ ሲመጡ እለቅላቸዋለሁ፣ ባባ።"

አንዱ ሳቁን በጥምጣሙ ጫፍ አፈነ። ዘርጉና ጠመንጃውን ምንጣፉ ላይ፣ ከሐጂ ጉልባት ጉልበት ፊት አጋደመችው።

"ሐጂ፣ ልጅዎን አላህ ይማረው። ካሳዎ ይኸው። የእኔ ልጅ ካሳ አይደለችም።"

ቱርያላይ እየሮጠ ደረሰ። ጠመንጃውን ሊያነሳ ምንጣፉ ጫፍ ላይ ጎንበስ ሲል ሽማግሌዎቹ ሁሉ እጁን አዩት። እጁን ጋቢው ውስጥ ከተተ።

ዘርጉና ቤት ገባች፤ በሩንም ከውስጥ ቀረቀረችው።