ነገ ጥሩ ነው ይላል

«ወደ ቴፑ ቀረብ በዪ፤ ፋሲካ ቤይሩት ሆና ትስማሽ» አሉ ወይዘሮ ብዙዬ ለአንዷ ጎረቤት።

ወንድማቸው ደሳለው ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ታላቋ ልጁ ፋሲካ ሰው ቤት ተቀጥራ ቤይሩት ስላለች፣ ለቅሶ ደራሹ በየተራ ወደ ቴፑ ጎንበስ እያለ ያጽናናታል። ደሴ እንዲህ ናት፤ ልጅ ለለቅሶው ካልደረሰች ለቅሶው በካሴት ይላክላታል።

ታናሿ ትህትና ንፍሮ እያዞረች ሠልስቱ እስኪያልፍ ትጠብቃለች። በሐዘን ቤት ዘፈን አይከፈትም፣ እሷን ያማራት ደግሞ ዘፈን ነው። አባቷ ጊታር እየመታ የዘፈነበት አንድ ካሴት አለ። ድምፁ የቀረው እዚያ ላይ ብቻ ነው።

ሰፈሩ ደሳለውን የሚያውቀው ኮምቦልቻ ፋብሪካ ተመላልሶ መብራት የሚሠራ ዝምተኛ ሰው አድርጎ ነው። ጥግ ላይ የተቀመጡት ጋሽ አብዱልሐሚድ ግን ሌላ ደሳለው ያውቃሉ።

«በስልሳ አራት ጸጉሩ ይህን ያህል ነበር» አሏት፣ እጃቸውን ከራሳቸው በላይ አንስተው። «አሜሪካዊ አስተማሪያችን የተወለትን ጊታር ይዞ፣ እኔ ከበሮ፣ ዳምጤ አኮርዲዮን፤ የፈረንጅ ዘፈን እየተጫወትን ደጋን ከተማ ድረስ ሠርግ ሄደናል። ወላሂ፣ የሚዘፍነውን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር።»

«ዳምጤስ?»

«በስልሳ ዘጠኝ ወሰዱት፤ ቀረ። አባትሽም ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት ዘፍኖ አያውቅም። አብሽሪ ልጄ።»

በር ዘግቶ ግን ይዘፍን ነበር። ትህትና ስምንት ዓመቷ ሳለ አንድ እሑድ የቴፑን መቅጃ ቁልፍ እንድትጫንለት አደረገ።

«አባዬ፣ ምን ይላል?»

«ነገ ጥሩ ነው ይላል።»

ሌላ ጀመረ። «ይሄስ?»

«ይሄም ነገ ጥሩ ነው ይላል።»

«ሁሉም አንድ ነው እንዴ?»

ሳቀ። «ያኔ ለሁላችንም እንደዚያ ነበር የሚመስለን።»

በአራተኛው ቀን ጠዋት ሰዎች ድንኳኑን ሲያፈርሱ ትህትና የአባቷን ሣጥን ከፈተች። የካሴቱ ማኅደር ባዶ ነው።

«አክስቴ፣ እዚህ የነበረው ካሴትስ?»

«ቴፑ ውስጥ ነው። ባዶ ካሴት ባጣ ጊዜ እሱ ላይ ቀዳሁ» አሉ ብዙዬ፣ ሳህን እየሰበሰቡ። «ከፍቼም ሰምቼው ነበር። አንድ ፈረንጅ ይዘፍንበታል፤ ምን ያደርጋል ብዬ ነው።»

ሳህኑን ይዘው ወደ ጓሮ ወጡ።

ትህትና ቴፑን ከፈተች። ለቅሶ ነው። ወደፊት አሳለፈችው፤ አሁንም ለቅሶ፣ አሁንም እግዜር ያጥናሽ። መጮህ አማራት፤ ማን ላይ ይጮኻል? በገዛ እጃቸው የወንድማቸውን ድምፅ ያጠፉት ሴትዮ ጓሮ ሆነው ሳህን እያጠቡ ያነባሉ። ካሴቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው የብዙዬ ድምፅ ቆመና ጊታር መጣ። አንድ ምት ብቻ። ከዚያ አባቷ ሳል አለና፣ «በቃ፣ ዝጊው ልጄ» አለ። ካሴቱ አለቀ።

ጋሽ አብዱልሐሚድ በር ላይ ቆመዋል። ልጃቸው ሂንድ ወደ ቤይሩት ልትሄድ አውቶቡስ ተራ እየጠበቀቻቸው ነው፤ ካሴቱን የምታደርሰው እሷ ናት።

«ድምፃችን ይሰማል?» አሉ ብዙዬ ከጓሮ ብቅ ብለው።

«ይሰማል፣ አክስቴ።»

ቢነገራቸው ምን ይመለሳል? ካሴቱን ማስቀረት ትችል ነበር፤ ወደ ሌላ ካሴት የምትገለብጥበት ቴፕ ግን የላትም፣ ፋሲካ ደግሞ ቀብሩን እንኳ አላየች።

«ፋሲካ እስከ መጨረሻው ትስማው በሏት፣ ጋሼ። ሳትጨርስ እንዳትዘጋው።»

ከመስጠቷ በፊት ቢላ አነሳች። ከካሴቱ ጀርባ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ፕላስቲኮች፣ ዳግመኛ ማንም እንዳይቀዳበት፣ አንድ በአንድ ሰበረቻቸው።