በሥዕሉ ላይ የሌለችው ቧንቧ

ቧንቧዋን የገጠምኳት እኔ ነኝ። ኸለፈላህ እባላለሁ። ሲጠይቁኝም ሳይጠይቁኝም ተናግሬዋለሁ፤ ዛሬም እናገራለሁ። የተቆጣ ይቆጣ!

የምሠራው በባቡር ወርክሾፑ ተንደር ክፍል ነበር። ተንደር ማለት ከባቡሩ ራስ ኋላ የሚጎተተው፣ ውሃና ከሰል የሚሸከመው ጋሪ ነው። እንግሊዞቹ ከአገራቸው ሲያመጡት ትንሽዬ ነገር ነበር። ምን ያድርጉ፣ እነሱ ዘንድ ውሃ ከሰማይ ይወርዳል! በእኛ በረሃ ግን ከወንዙ ከራቅህ በኋላ ጣቢያዎቹ ስም እንኳ የላቸውም፣ ቁጥር ብቻ ነው፤ አብዛኞቹም ጠብታ ውሃ የላቸውም። ስለዚህ የጋሪውን የውሃ ጋን ጎን በላሜራ ከፍ አደረግነው። ውሃው እየተናጠ ጋሪውን እንዳይገለብጠው ሆዱን በቀዳዳ ላሜራ ከፋፈልነው። የጋሪውን የንድፍ ሥዕል የሳሉት እነሱ፣ ላሜራውን የቀጠቀጥነው እኛ። የአንድ ጆሮዬ መስማት የቀረው እዚያ ጋን ውስጥ፣ በመዶሻ ጩኸት ነው።

እህቴ በቱል ስምንተኛ ጣቢያ ትኖራለች። ባሏ ከሐዲዱ ላይ አሸዋ ጠራጊ ነው። ውሃቸው በሳምንት አንዴ በባቡር ይመጣላቸዋል፤ ሁለት በርሜል። ካቻምና ነፋሱ ሐዲዱን ቀብሮት ባቡር አራት ቀን ቀረ። በርሜሉ ደረቀ። በቱል የሰባት ወር ልጇን በአራተኛው ቀን ቀበረች። እኔ ስደርስ አላለቀሰችም።

«ወንድሜ፣ ያ ሁሉ ውሃ በየቀኑ በደጄ እየተንቦጫረቀ ያልፋል» አለችኝ። «አንዳንድ ማሰሮ ቢሰጡኝ ኖሮ አጠራቅም ነበር።»

ወደ ወርክሾፑ ተመልሼ 214 ቁጥር ተንደር ለጥገና ሲገባ ጋኑን ከጎኑ ዝቅ አድርጌ በሳሁትና ቧንቧ ገጠምኩለት። ማንም አላዘዘኝም። ከዚያ ወዲህ ነጂው አመድ ሊያራግፍ ስምንተኛ ላይ ሲቆም በቱል ማሰሮዋን ትሞላለች፤ ውሃ ላለቀበት መንገደኛም ታካፍላለች።

ዘንድሮ ሚስተር ፔንሮዝ የሚባል አዲስ መሐንዲስ መጣብን። ሥዕሉን ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ ይዞራል። አንድ ጠዋት 214 አጠገብ ቆመ። ሥዕሉን አየ፣ ጋሪውን አየ፣ ደግሞ ሥዕሉን አየ።

«ይህ ቧንቧ እዚህ የለም» አለ በዚያ በተሰባበረ ዐረብኛው።

«ወረቀቱ ላይ የለም፤ ጋሪው ላይ ግን አለ» አልኩት።

ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። እሱ ፊቱ ቀላ።

«ማን ነው የገጠመው?»

«እኔ ነኛ።»

«ባቡሩ በረሃ መሃል ውሃ ቢያልቅበትስ?»

«አያልቅበትም! ጋኑን አንድ ስንዝር ከፍ ያደረግኩት በነዚህ እጆቼ ነው። አንድ ማሰሮ ቢቀዳበት አያውቀውም። ሰው እየተጠማ ነው፣ ጌታው! ወረቀትህ ላይ ሰው የለም እንዴ?»

«ንቀለው። ቀዳዳውን በችንካር ዝጋ። አሁኑኑ!»

መዶሻዬን እግሩ ሥር ወረወርኩት። «አልዘጋም! እህቴ ልጇን በጥም ቀብራለች፣ ሁለተኛ አትቀብርም!»

«እንግዲያው ተባረሃል» አለና ወደ ባልደረባዬ ወደ ጃድከሪም ዞረ። «አንተ ዝጋው።»

አንድ ችንካር ለመምታት ሦስት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ምድጃ ላይ ያግለዋል፤ አንዱ ጋኑ ውስጥ ገብቶ የችንካሩን ራስ በከባድ ብረት ይደግፋል፤ አንዱ ከውጭ ጫፉን ቀጥቅጦ ሌላ ራስ ያወጣለታል። ደጋፊው ጃድከሪም ነው። ከእሱ ጋር ከተኳረፍን ሁለት ዓመታችን ነው። በሰው ሠርግ ላይ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ እየሰማ፣ «የኸለፈላህ ችንካር ያፈሳል» ብሎ አዋርዶኛል። በእኛ ሙያ ከዚህ የባሰ ስድብ የለም።

ጃድከሪም ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ጋሪው ላይ ወጣና በላይኛው አፍ ወደ ባዶው ጋን ገባ። ድምፁ ከውስጥ መጣ።

«ረጅሙን ችንካር አግሉልኝ!»

«አንተ አድርባይ!» ብዬ ጮህኩ። «ረጅሙን ደግሞ? በደንብ እንዲጠብቅላቸው ነው? ከበቱል እጅ በልተሃል እኮ! ምነው አንተ፣ ምነው!»

ዘበኛው ክንዴን ይዞ ወደ በሩ ጎተተኝ። መዶሻው ሲወርድ እሰማለሁ። ዞር ስል ፔንሮዝ ላሜራው ላይ የተለጠፈውን የችንካር ራስ በጣቱ እየዳሰሰ በደስታ ራሱን ይነቀንቃል።

ዐሥር ቀን ቤቴ ተቀመጥኩ። ለጃድከሪም የሚሆን እርግማን እንኳ አለቀብኝ። በዐሥራ አንደኛው ቀን ሁለት የፍየል ቆዳ ውሃ ሞልቼ ለበቱል ላደርስላት ባቡር ተሳፈርኩ። የሚጎትተን፣ አያድርስ ነው፣ 214ን ያሰረው ባቡር ነበር።

ስምንተኛ ስንደርስ በቱል ማሰሮዋን ታቅፋ ወደ ተንደሩ ስትሄድ አየኋት። ሮጬ ደረስኩባት።

«እህቴ፣ ተይው። ዘግተውታል።»

«ማን ነው የዘጋው? ነጂው አከፋፈቱን አሳይቶኛል እኮ» አለችኝ ገርሟት። ማሰሮዋን ደቀነችና የችንካሩን ራስ በአውራ ጣቷ ወደ ውስጥ ገፋችው። ውሃው ፏ አለ። ጣቷን ስታነሳ ቀጥ አለ።

ተንበርክኬ አየሁት። ጃድከሪም ረጅሙን ችንካር ከውስጥ ሲደግፍ የውስጡን ራስ ከላሜራው ጋር አላጣበቀውም፤ ግማሽ ጣት ያህል አርቆ ነው የያዘው። ጋኑ ሲሞላ ውሃው ራሱ ችንካሩን ወደ ውጭ ገፍቶ በውስጡ ራስ ቀዳዳውን ይደፍነዋል፤ በጣት ሲገፉት ደግሞ ይለቃል። ልክ እንደ እጅ መታጠቢያ ጣሳ! ፔንሮዝ የዳሰሰው የውጭውን ራስ ብቻ፣ ያውም ባዶ ጋን ላይ ነው። ጋን ውስጥ ገብቶ የማያውቅ ሰው ከዚህ በላይ ምን ሊያይ?

ሳቅኩ፤ ቀጥሎ እንባዬ መጣ። በቱል «ምን ሆንክ?» ትለኛለች።

በማግስቱ ሥራ ሲለቀቅ ወርክሾፑ በር ላይ ቆምኩ። ፔንሮዝ ሥዕሉን በብብቱ ይዞ ከዘበኛው አጠገብ ቆሟል። ጃድከሪም ጥላሸት እንደለበሰ ወጣ። ሰው ሁሉ ልንደባደብ ነው ብሎ ከበበን።

«ጃድከሪም!» አልኩት። «ችንካርህ ያፈሳል!»

ላቡን በክንዱ ጠረገ። ወደ ፔንሮዝ አየ፣ ወደ እኔ አየ።

«ከማን የተማርኩት ይመስልሃል?» አለና አቀፈኝ። ከዚያ ጆሮዬ ሥር፣ በዚያ በደህናው በኩል፣ «ነገ 219 ትገባለች። ረጃጅሞቹን አዘናል» አለኝ።