አረንጓዴዋ ነጥብ

እኔ ሙደሲር አትክልተኛ ነኝ። ፒያሳ እሠራባቸው የነበሩት ሦስት ግቢዎች ፈረሱና ባለቤቶቹ ኮንዶሚኒየም ገቡ። አራተኛ ፎቅ ላይ ደግሞ ሣር የሚያሳጭድ የለም። ሳይደግስ አይጣላም ይላሉ፤ ለእኔ ድግሱ ቀርቶ ጠቡ ብቻ ደረሰኝ።

ምን ላድርግ፣ «ግቢዎን እናስውባለን» የሚል ወረቀት አሳትሜ አፍንጮ በር ሰፈርን በር ለበር ዞርኩት። ግማሹ ሰው ወረቀቱን ከሰል መለኮሻ አደረገው። ገሚሱ «እናስብበት» አለኝ። ያው «አይሆንም» ማለት ነው፣ በጨዋ አፍ። እኔ ሞኙ ግን ተስፋ አደረግኩ። የትኞቹ ቤቶች እንደሆኑ እንዳይጠፋኝ በየበራቸው መቃን ላይ በቀለም አንዳንድ ነጥብ ጣል አደረግኩ። የሚፈርስ ቤት በቀይ ምልክት እንደሚደረግበት መቼ አጣሁት፤ ለዚህ ነው አረንጓዴ የመረጥኩት። ብልጠቴ እዚህ ላይ አለቀ።

ቁርጥ አድርገው እሺ ያሉኝ እማማ ምብራት ብቻ ናቸው። ሟቹ ባላቸው የተከሉት አንድ የኮክ ዛፍ አላቸው፤ ቅርንጫፉን አስተካክዬ ዙሪያውን ጽጌረዳ ልተክልላቸው ለቅዳሜ ተቀጣጠርን። የእሳቸውም በር ላይ ነጥብ አደረግኩ። የእሳቸው ግቢ አምሮ ጎረቤት ካላየልኝ፣ መቀሴን ሸጬ አገሬ ወሎ መግባት ነበር የቀረኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ችግኜን በጋሪ አስጭኜ ደረስኩ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። አልጋው ተፈታቶ ደጅ ወጥቷል፤ ልጃቸው ሉዋም ሳህን በጋዜጣ ትጠቀልላለች። የኮኩ ዛፍ ጥሬ ፍሬውን እንደያዘ መሬት ላይ ተጋድሟል።

እማማ ምብራት መቃኑን ጠቆሙኝ። ሐሙስ ዕለት ነጥቧን አዩ፤ ጎረቤት ቢጠይቁ እዚያም ነጥብ፣ እዚያም ነጥብ። ሰፈሩ «መጡብን» ብሎ ዕቃ ሲያስር ነው የሰነበተው። ዛፉን ዶዘር ሲረግጠው ከማይ ብለው ራሳቸው አስቆረጡት።

«እማማ፣ ነጥቧን ያደረግኳት እኔ ነኝ» አልኳቸው። «የደንበኛ ምልክት ናት። ማንም ቤትዎን አያፈርስም።»

እሳቸው ፈገግ አሉ፤ ያ ፈገግታ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

«አይ ልጄ፣ እንዳላለቅስ ብለህ ነው። ተባረክ።»

በአላህ ማልኩ። ወረቀቴን አሳየሁ፣ የቀለሙን ቆርቆሮ ከከረጢቴ አውጥቼ አሳየሁ። ሉዋም እንኳ አላመነችኝም፤ «እናቴን በከንቱ ተስፋ አታድክማት» አለችኝ። ምን ታድርግ? እዚህ ከተማ በር ላይ ምልክት አድርጎ የሚሄደው አፍራሽ ነው፤ ለጽጌረዳ ብሎ በር የሚቀባ ታይቶ አይታወቅም። በራሴ በገንኩ። ጨርቅ ቤንዚን ውስጥ ነክሬ ነጥቧን ልፍቃት ስል እማማ ምብራት እጄን ያዙኝ።

«ተው ልጄ፣ የመንግሥት ምልክት ነው። እኔስ ሄድኩ፤ አንተ በእኔ ምክንያት አትታሰር።»