የግራ እጅጌ

ሹራብ ሠሪዋ ከጠዋት ጀምራ የወሊድ ክፍሉን ኮሪደር ስትመላለስበት፣ የጽዳት ሠራተኛዋ መወልወያዋን ተደግፋ፣ «እትዬ፣ ወለሉን እርስዎ ከጨረሱት እኔ ምን ልሥራ?» አለቻት። አልሳቀችም። ጉንዳን እንደወረረው ሰው እግሯ አልረጋ ብሏል። ልጇ ያለ ቀኗ ወልዳ እሷስ ደህና ተኝታለች፤ ሕፃኗ ግን ማሞቂያ ክፍል ናት። ሐኪሙ «ዛሬን ካለፈችልን…» ብሎ ቀሪውን ዋጠው።

የልጇ አማት አግዳሚው ላይ ተዘርፍጠዋል።

«ኧረ ተቀመጪ! እኔንም አዞርሽኝ።»

«ከተቀመጥኩ አንድ ነገር የምትሆንብኝ ይመስለኛል። እርስዎስ እንዴት አስቻለዎት?»

«ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ እንጂ እኔስ መች ተቀመጥኩ?»

የማሞቂያው ክፍል በር ተከፈተ። ነርሷ ናት። 

«ኮፍያ ይዛችኋል? ሙቀቷ በራሷ በኩል እያለቀ ነው። የኛዎቹ አንገቷ ድረስ ይውጧታል።»

አማትየው ዞረው አፈጠጡባት። «አንቺ! የሰፈሩን ልጅ ሁሉ አልብሰሽ ለራስሽ የልጅ ልጅ አንድ ኮፍያ አጣሽላት?»

ሹራብ ሠሪዋ አምና ልጇ ገና ማርገዟን ስትነግራት ነጭ ኮፍያ ሠርታ ነበር። ኮፍያው ደረሰ፤ ልጁ አልደረሰም። ልጁን ያሳጣን የቸኮለው እጄ ነው ብላ፣ ዘንድሮ የሚወለደውን ልጅ ልቅሶ ሳልሰማ አንዲት ቋጠሮ አልቋጥርም ብላ ማለች። ግትር ናት፤ ከማለች ማለች ነው።

«ኪሮሽ ይዣለሁ። ክር የለኝም» አለች ቀስ ብላ።

«የለበስሽውስ?»

ቢጫ ሹራቧን አየችው። ከዚያ አወለቀችው።

«ንጹሕ ነው?» አለች ነርሷ።

«ትናንት ነው ያጠብኩት። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ። ራሷ ምን ያህላል?»

ነርሷ ጡጫዋን አሳየቻት።

የግራ እጅጌውን ጫፍ በጥርሷ በጥሳ መተርተር ጀመረች፤ አማትየው እየተቀበሉ አጠነጠኑ። እሷ ግን አሁንም ቆማ፣ ወዲያ ወዲህ።

«ክሩን አወሳሰብሽው እኮ! ቁጭ በይ ብዬሻለሁ!»

ቁጭ አለች። የመጀመሪያውን ዙር ሁለቴ አፈረሰችው። በሦስተኛው እጇ ሥራውን አስታወሰ። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ትደነግጣለች፤ ግን ኪሮሹ አልቆመም።

ነርሷ ኮፍያውን ይዛ ገባች። ሁለቱ ሴቶች መስታወቱ ላይ ተለጠፉ። ከዚያ ሁሉ ቱቦ መሀል አንዲት ቢጫ ነገር ታየች። ከሥሯ ቀይ ፊት ተጨማደደ፤ ድምፁ በመስታወቱ አልፎ አይሰማም እንጂ አፉስ ተከፍቷል።

«ታለቅሳለች» አሉ አማትየው።

ሹራብ ሠሪዋ ተመልሳ አግዳሚው ላይ ተቀመጠችና የቀኝ እጅጌውን ጫፍ ፈለገች።

«ደግሞ ምን ልትሆኚ ነው? ብርድ ይግደልሽ እንዴ?»

«እግር የላትም?» አለችና ክሩን ሳበችው።