«ሊሚትድ ስሊፕ ነው» የተባለው ዲፈረንሻል

ኤልቤቴል ከፍስሐ ገነት ዲላ የወረደችው የሞተሩን ኃይል ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያካፍል ዲፈረንሻል ልትገዛ ነው። በአሮጌ ፒክአፗ ከሬኮ ቀበሌ እሸት ቡና እየጫነች ወደ ማጠቢያ ጣቢያ ታመላልሳለች። ዝናብ ሲጥል ግን አንዱ የኋላ ጎማ ጭቃ ውስጥ ብቻውን ይሽከረከራል፣ ሌላው ንቅንቅ አይልም። አምና ዳገት ላይ ቀኑን ሙሉ ቆማ የጫነችው ቡና በጆንያው ውስጥ ፈልቶ ሸተተ፤ ጣቢያውም አልቀበልም ብሎ መለሳት።

«ሊሚትድ ስሊፕ ነው መድኃኒትሽ» አሏት ጋሽ አለባቸው። ስምንት ዓመት መኪናዋን የጠገኑላት መካኒክ ናቸው፤ ቤተክርስቲያናቸውም አንድ ነው። «አንዱ ጎማ ሲንሸራተት ኃይሉን ለሌላው ይሰጠዋል። አሮጌ ዕቃ ሻጩ መልከጼዴቅ ጋ አንድ አለ፣ ከተጋጨ መኪና የወጣ።»

ጋሽ አለባቸው ራሳቸው ይዘዋት የሄዱት የመልከጼዴቅ ግቢ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው። የተቃጠለ ዘይት ከዝናብ ውኃ ጋር ተደባልቆ መሬቱ ላይ ተኝቷል፤ ኤልቤቴል ስትራመድ ጫማዋን እየሳበ ያስቀረዋል። መልከጼዴቅ ጥርሱን በክብሪት እንጨት እየጎረጎረ ወጣ። ያወጣውን አየት አድርጎ መልሶ ዋጠው። ኤልቤቴል ፊቷን አዞረች።

ዲፈረንሻሉ ከነሸሚያሱ፣ ግራና ቀኝ ጎማውን ከሚያዞሩት ዘንጎች ጋር፣ በሁለት ግንድ ላይ ተጋድሟል።

«ግራውን አዙሪው እህቴ» አላት።

አዞረችው። ቀኙም አብሮ፣ በዚያው አቅጣጫ ዞረ።

«አየሽ? ተራ ቢሆን ቀኙ ወደኋላ ነበር የሚዞረው።»

«በቃ፣ እሱ ነው» አሉ ጋሽ አለባቸው ፈጠን ብለው። «እንጫነው።»

ፍጥነታቸው ቅር አላት። ሌላ ጊዜ አንድ ብሎን እንኳ ሦስቴ ሳያገላብጡ አይገዙም።

«ጋሽዬ፣ ሊሚትድ ስሊፕ አንዱን ጎን ይዘው ሌላውን በኃይል ቢያዞሩት እየተግደረደረም ቢሆን ይዞራል እንጂ ጨርሶ አይደርቅም ብለውኝ አልነበር?»

«ብዬ ይሆናል።»

«እንግዲያው ቀኙን ይያዙልኝ።»

ቀኙን በረጅም ብረት ቆልፈው ያዙት። እሷ ግራው ላይ ትልቁን መፍቻ አስገብታ በሙሉ ክብደቷ ተንጠለጠለችበት። ፍንክች አላለም።

«ቀዝቅዞ ነው» አለ መልከጼዴቅ።

«ሽፋኑን ክፈተው።»

«የተፈተሸ ዕቃ አይከፈትም!»

መልስ ሳትሰጠው ብሎኖቹን ራሷ ፈታች። ሽፋኑ ሲላቀቅ ዘይት ሳይሆን የሰጋቱራ ገንፎ ተዝረጠረጠ። ጥርሱ ያለቀ ማርሽ እንዳይጮህ የታጨቀ ነው። ሽታው እንደ በሰበሰ እንቁላል አፍንጫዋን መታት። ዝቃጩን በጨርቅ ጠረገችው። መሀል ላይ፣ ሁለቱ ጎማዎች መታጠፊያ ላይ በፍጥነት እንዲበላለጡ የሚያደርጉት ትንንሾቹ ማርሾች እርስ በርስ ተበይደዋል። ብየዳው እንደ መግል ፈሶ የደረቀ ይመስላል።

«ይህ እኮ አስፋልት ላይ ሲታጠፍ ሸሚያስ ይሰብራል!» አለች። «ሰው ጭኜ ብሆንስ?»

«ጭቃ ላይ ይሠራል» አለ መልከጼዴቅ ክብሪቱን እየቀየረ። «ጭቃ አይደል የምትሄጂው?»

የቅድሙ ጥድፊያቸው ትዝ ብሏት ወደ ጋሽ አለባቸው ዞረች። እሳቸው የጣታቸውን እድፍ እየፋቁ ነበር።

«እርስዎ ነዎት የበየዱት?»

እድፉን መፋቃቸውን ቀጠሉ።

«ጋሽ አለባቸው!»

«ሥራ ነው ልጄ» አሉ በመጨረሻ። «በይድ አለኝ፣ በየድኩ። ለማን እንደሚሸጥ አልጠየቅኩም።»

«እኔን ይዘውኝ የመጡትስ?»

ፊቷን አዙራ ወደ በሩ ሄደች። ስትወጣ ግን ከኋላዋ ድምፃቸው ተከተላት። «የነስሩንም እይለት። ባለፈው ወር ከዚሁ ነው የገዛው።»

ነስሩ ሰው የሚጭን ሹፌር ነው። መናኸሪያው አጠገብ አገኘችው፤ ዘጠኝ ሰው ከኋላ ጭኖ ሊነሳ ሞተር አስነስቷል።

«መታጠፊያ ላይ ጎማህ አይንጫጫም?» አለችው።

«እንዴት አወቅሽ? አዲስ ስለሆነ ነው፣ ይላመዳል አሉኝ።»

ሞተሩን አጥፍቶ ሰዎቹን ለጊዜው አወረደና የኋላውን በክሪክ አነሱት። ጎማው ከሞተሩ እንዲላቀቅ ማርሹን ፎሌ አድርገው አንዱን ጎማ አዞሩ፤ ሌላው ተከተለ። ነስሩ ቀኙን አቅፎ ያዘ፣ እሷ ግራውን በእግሯ ገፋች። ድርቅ አለ። ያየችውን ሁሉ ነገረችው። ነስሩ ምራቁን መሬት ላይ ተፋ።

«ትናንት የጫንኩት ልጄን ነበር» አለ።

ሰዎቹን ተመልሰው እንዳይሳፈሩ ከለከላቸው። አንዲት እናት ዶሮ ታቅፈው «ገበያው ሊያመልጠን ነው!» እያሉ ሲቆጡ ኤልቤቴል ፒክአፗ ላይ አወጣቻቸው። ነስሩ መፍቻውን እንደያዘ ወደ መልከጼዴቅ ግቢ በእግሩ ሄደ። በማግስቱ የግቢው በር ተዘግቶ ነበር፤ ከሳምንት በኋላ ሰውዬው ሌላ ከተማ ሱቅ ከፈተ ተባለ።

እሁድ ከጸሎት በኋላ ጋሽ አለባቸው የቤተክርስቲያኑ በር ላይ ጠበቋት። ታጥበው፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ነበር።

«ጌታ ይባርክሽ ልጄ» ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

ኤልቤቴል እጃቸውን አየችው። ንጹሕ ነበር፤ ጥፍራቸው እንኳ ተቆርጧል። የራሷን እጅ ሹራቧ ኪስ ውስጥ ከትታ «እርስዎንም» አለችና አለፈች።