ከበሩ ውጭ አምስት ደቂቃ

መምህር ባንግ የሚሄዱበትን ቀን የተናገሩት ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው ነው። ሮተርዳም ውስጥ፣ ዴልፍስሃቨን በሚባለው ሰፈር ባለችው አሮጌ የስፖርት አዳራሽ ልምምዱ አልቆ፣ ሁሉም የእንጨት ሰይፉን ከረጢቱ ውስጥ እየከተተ ሳለ፣ ሰባ ስምንት ዓመት እንደሞላቸው፣ ጉልበታቸው እንደ ድሮው እንዳልሆነ፣ ኮሪያ ያለችው ልጃቸው አንድ ክፍል አዘጋጅታ ይምጡልኝ እንዳለቻቸው ነገሯቸው። ሁለት ቅዳሜ ቀርቶናል አሉ። ከዚያ ዛሬ ወለሉን የመጥረግ ተራው የማን እንደሆነ ጠየቁ።

ተራው የሙሉነህ ነበር። ጠረገ። ግን ምን እንደጠረገ እሱ ራሱ አያውቅም፤ አንዱን ጥግ ሦስት ጊዜ መጥረጉን በኋላ የነገረችው አብራው የምትለማመደው ሉችያ ናት።

ይህ ሙሉነህ የምለው ሰው ሮተርዳም ዙይድ፣ ከወንዙ በስተደቡብ ባለው ሰፈር ይኖራል፣ ቭላርዲንገን በምትባል ጎረቤት ከተማ ባለ የዓሣ ማቀዝቀዣ መጋዘን ፎርክሊፍት ይነዳል፣ ሃምሳ አራት ዓመቱን ደፍኗል፣ በቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ነው። ቁም ነገረኛ ነው፤ እንዲያውም ትንሽ ያበዛዋል። ቀልድ ስትነግሩት ጨርሳችሁ እየሳቃችሁ እሱ ገና “እሺ፣ ከዚያስ?” ይላችኋል። እንዲህ ያለ ሰው ከአርባ ዓመቱ በኋላ ሰይፍ ልማር ብሎ ሲነሳ ያላሾፈበት አልነበረም። ሚስቱ ጸሐይወርቅማ ከማን ጋር ልትዋጋ ነው፣ ከፎርክሊፍቱ ጋር ነው እያለች አንድ ወር ስቃበታለች።

ነገሩ ግን የቆየ ነው። አዲስ አበባ፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ፣ ጎረምሳ ሳለ የሚያዘወትራት አንዲት ቪዲዮ ቤት ነበረች። ለሃያ ሰው የምትሆን ክፍል ውስጥ ሰባ ልጅ ይታጨቅባታል፣ መጋረጃው ይዘጋል፣ ከዚያ ጣራ ለጣራ የሚዘሉ ሰይፈኞች ብቅ ይላሉ። የሚናገሩትን የሚሰማ የለም፣ ግድ የሚሰጠውም የለም። ፊልሙ ሲያልቅ ሙሉነህና ጓደኛው መልአኩ ከቀበሌው አዳራሽ ጀርባ ሮጠው፣ ለሁለት በቆረጡት የመጥረጊያ እንጨት ለዓይን ያዝ እስኪያደርግ ይፋለማሉ። የመልአኩ እናት ያንን መጥረጊያ ስትፈልግ አንድ ክረምት ከረመች። መልአኩ ኋላ በሱዳን በኩል ወጣ ተባለ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬው ጠፋ። ሙሉነህ ስለ እሱ ብዙ አያወራም። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ግን ዴልፍስሃቨን ገበያ ወርዶ ሲመለስ፣ በአንድ ክፍት መስኮት እንጨት ከእንጨት ሲጋጭ ሰማና እግሩ አልሄድ አለው። አምስት ኪሎ ሽንኩርቱን እንዳንጠለጠለ ገባ።

የኮሪያ የሰይፍ ጥበብ ነበር፤ ጉምዶ ይሉታል። መምህር ባንግ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ከዴን ሃግ ከተማ ቅዳሜ ቅዳሜ በባቡር የሚመጡ ሰው ነበሩ። ሽንኩርቱን ተቀብለው ጥግ አስቀመጡለት። የእንጨት ሰይፍ አስያዙት፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ አስተካከሉለት፣ ሃና፣ ዱል፣ ሴት ብለው በኮሪያኛ እየቆጠሩ ሰይፉን መቶ ጊዜ ከላይ ወደ ታች አስወረዱት። በማግስቱ ማንኪያ ማንሳት አቅቶት ጸሐይወርቅ ስታጎርሰው ዋለች። እሱ ግን እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም ነበር፤ አፍ አውጥቶም ተናግሮታል፣ ይህ ደግሞ ለሙሉነህ ብርቅ ነው።

ጣጣው የመጣው በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ መክፈቻው ላይ ነው። ተማሪዎቹ በሙሉ በመምህሩ ፊት ተንበረከኩ፣ መዳፋቸውን ወለሉ ላይ ዘረጉ፣ ግንባራቸውን ዝቅ አደረጉ። ሙሉነህ ደርቆ ቀረ። ጉልበቱን የሚያጥፈው ለጌታ ብቻ ነው፤ ከልጅነቱ የተማረው ይህንን ነው። ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ሲያማክር ነገሩ ሽማግሌዎቹን አሳሰባቸው። በመጨረሻ በጉባኤው ፊት ቆሞ፣ ሰይፉን እይዛለሁ፣ ጉልበቴን ግን አላጥፍም ብሎ ቃል ገባ። ሕዝቡም አሜን አለ።

ይህንኑ ለመምህር ባንግ ሊነግራቸው ሲሄድ፣ እንግዲያውስ ደህና ሁን ይሉኛል ብሎ ተስፋ ቆርጦ ነበር። መምህሩ ግን አዳምጠው፣ አሰብ አድርገው፣ አንተ አምስት ደቂቃ ቆይተህ ግባ አሉት። አፍስፕራክ ነው አሉ፤ ደቾች ስምምነትን የሚጠሩበት ቃል ነው። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ጉዳይ አንድም ቀን አንስተውበት አያውቁም።

እንግዲህ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር፣ ሙሉነህ ሜትሮ ይዞ ወንዙን ይሻገርና ከሁሉም ቀድሞ ይደርሳል፤ ደርሶ ግን ኮሪደሩ ላይ ይቆማል። በሩ ይዘጋል። ከውስጥ የልብስ ኮሽታ፣ ጉልበት እንጨት ሲነካ፣ ከዚያ ጸጥታ ይሰማዋል። መቁጠር ሲጀምሩ ከፍቶ ይገባል። የሐምሌው ሙቀትም፣ የጥር ብርዱም ኮሪደሩ ላይ አግኝተውታል። ለቃሉ ሲል ነውና አልከበደውም። እንዲያውም ትንሽ ይኮራበት ነበር፣ ምን እደብቃለሁ።

ደግሞ መምህሩ ለዚያ ቃል የከፈሉትን እሱ ያውቃል። ከስምንት ዓመት በፊት አምስተርዳም ላይ የማዕረግ ፈተና ነበር። ከውጭ የመጡት ፈታኞች ያልተንበረከከ አይፈተንም አሉ። ሙሉነህ ቆመ። መምህር ባንግ እስቲ ለዛሬ ብቻ አላሉትም። ለፈታኞቹ በኮሪያኛ አንድ ሁለት ቃል ተናገሩና የእሱን ቦርሳ አንስተው ወጡ፤ ሙሉነህ ተከተላቸው። በባቡር እስከ ዴን ሃግ አብረው ሲመለሱ መንደሪን ልጠው ግማሹን ሰጡት። ፈታኞቹ ከዚያ ወዲህ መምህሩን ጠርተዋቸው እንደማያውቁ የሰማው ከሉችያ ነው። ሉችያ ዴን ሃግ ውስጥ ነርስ ናት፤ አዲስ አበባ ያደገች ኤርትራዊት፣ አማርኛዋ ከሙሉነህ ይልቅ የሚጥም፣ ሰይፍ መማር ከጀመረች አሥር ዓመት ሆኗታል።

መምህሩ ሊሄዱ ነው ሲባል ታዲያ ሙሉነህን ያንገበገበው ይህ ነው። ሰይፍ እንዴት እንደሚያዝ ያስተማሩትን፣ የሻማ ነበልባል ሳይነኩ በሰይፉ ነፋስ ብቻ ማጥፋት ያሳዩትን፣ ለሦስት ዓመት ሞክሮ ሻማው የጠፋለት ቀን ከእሱ በላይ የሳቁትን ሰው፣ አንድ ጊዜ እንኳ እንደ ተማሪ ሳያከብራቸው ሊሸኛቸው ነው። አንዲት ስግደት። ከዚህ ሌላ የሚሰጣቸው ስጦታ የለም፤ ይቺን ግን አልሰጥም ብሎ ምሏል።

ጸሐይወርቅ ሦስት ቀን ሙሉ ምግቡን ሳይጎርስ ሲነካካ አየችውና ምን እንደሆነ ጠየቀችው። ነገራት። አልሳቀችም።

“በሰርጋችን ቀን የአባቴን ጉልበት ስመሃል” አለችው። “አባቴን አምልከሃቸው ነበር?”

አልነበረም። ጉልበታቸውን ሲስም አክብሯቸው ነው፤ ለልጃቸው አመስግኗቸው ነው። ያን ሌሊት ሙሉነህ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። እንዲህ ቀላል ነገር እንዴት አሥራ አራት ዓመት ሳይታየው ቀረ? እንግዲህ ቁም ነገረኛ ነው ብያችኋለሁ፤ ቃሉን ከሰጠ በኋላ ዞር ብሎ አያየውም። ደግሞም ቃሉን በጉባኤ ፊት የሰጠ ሰው በጉባኤ ፊት እንጂ ጓዳ ውስጥ አያነሳውም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ከደቾቹ በሚከራዩዋት ቤተ ክርስቲያን፣ የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ ተነሳ። አርባ የማይሞላ ሰው ነበር። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት እዚሁ ቆሞ የገባውን ቃል ዛሬ ሊያነሳ እንደመጣ፣ መምህሩን ሊያከብር እንጂ ሊያመልክ እንዳልሆነ ተናግሮ፣ ይቅርታ እንዲያደርጉለት ለመነ። ሲጨርስ ጉባኤው እርስ በርሱ ተያየ። ወጣቱ ፓስተር ጎንበስ ብሎ፣ በትሕትና፣ “ጋሼ ሙሉነህ፣ የምን ቃል ነበር?” አለው።

የሚያስታውስ ሰው አልነበረም። ያኔ ቃል ያስገባው ፓስተር ካናዳ ከሄደ ሰባት ዓመቱ ነው። ሽማግሌዎቹ ግማሹ ለንደን፣ ግማሹ ሌላ ኅብረት ገብተዋል። ከባልና ሚስቱ ሌላ ከድሮዎቹ የቀሩት እማማ ብዙወርቅ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም የሰይፉን ነገር ድሮ የተወው መስሏቸው እንደነበር በፈገግታ ተናገሩ። ሰው በፍቅር ሳቀ። ጸለዩለት፣ ባረኩት፣ ሂድና መምህርህን አክብር አሉት።

ሙሉነህ ተቀመጠ። ይቀልለኛል ብሎ ነበር፣ አልቀለለውም። ተናደደ እንጂ። በማን ላይ እንደሆነ ግን አያውቀውም። በብርድ በሙቀት ኮሪደር ላይ ቆሞ የጠበቀውን ቃል፣ ካስገቡት ሰዎች አንድም የሚያስታውሰው የለም። ማን ሲያየው ነበር የቆመው? ወደ ቤት ሲመለሱ ጸሐይወርቅ ክንዱን ይዛ ነው የሄደችው፤ የዘላለም አመሏ አይደለም።

የመጨረሻው ቅዳሜ ደረሰ። በሩ ክፍት ሳለ ገባና ከመስመሩ መጨረሻ፣ ከሉችያ ጎን ቆመ። እሱን ውስጥ ያየ ሁሉ ሰዓቱን አየ፤ እሱ ከገባማ ረፍዶብናል ብለው ነው። መምህር ባንግ መጡ። አዩት፣ እርምጃቸው ትንሽ ተገታ፣ ከዚያ ቦታቸውን ያዙ። በሩ ተዘጋ።

መምህሩ ፊታቸውን ወደ እነሱ አድርገው ሲንበረከኩ ተማሪዎቹም ተንበረከኩ። ሙሉነህም በጉልበቱ ወረደ። መዳፉን ዘረጋ፣ ግንባሩን እስከ ወለሉ አደረሰ። ይቅርታ መምህሬ አለ በልቡ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ አለ። ቀና ሲል ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር፤ ደስ ብሎታል። የመጣበትን አድርሷል።

ማንም ግን አልተነሳም። መምህር ባንግ በጉልበታቸው እንዳሉ ወደ ግራ ዞሩ። ተማሪዎቹም እንደ አንድ ሰው ዞሩ። ፊታቸውን ወደ ተዘጋው በር አደረጉ፤ አዛውንቱ ቀድመው ግንባራቸውን ወለሉ ላይ ደፉ፣ ሌሎቹም ተከተሏቸው። ሙሉነህ ብቻውን ቀና ብሎ ቀረ። በሩን አየ። እንጨት ነው። ሥዕል የለበት፣ ጽሑፍ የለበት።

ወደ ሉችያ ጆሮ ተጠግቶ፣ እዚያ ማን አለ ብሎ በሹክሹክታ ጠየቃት።

“አንተ ነሃ” አለችው፣ ግንባሯን ሳታነሳ። “እኔ ከገባሁ ጀምሮ እንዲህ ነው፣ ከእኔ በፊትም እንዲሁ ነበር አሉ። ደጅ የቆመ ወንድም አለን፣ ሰላምታችን አይቅርበት ይላሉ።” ቀጥላ፣ “ታውቅ መስሎኝ ነበር” አለችው። ዛሬ ግን እሱ ውስጥ ነው፤ ልማድ ሆኖባቸው ነው የዞሩት።

ሙሉነህ አንዲት ስግደት ጎደለችብኝ ብሎ ነበር የመጣው። ለካ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ፣ በየቅዳሜው፣ አባቱ ሊሆኑ የሚችሉ አዛውንት ተደፍተው ሰላም ሲሉት፣ እሱ ከበሩ ወዲያ ቀጥ ብሎ ቆሞ በራሱ ሲኮራ ኖሯል። ታላቅ ሰው ከሩቅ ሲያይ ከመቀመጫው የሚነሳ፣ ሕፃን እንኳ ሰላም ቢለው ቆሞ የሚመልስ ሰው፣ አንዲቷንም አልመለሰም።

መምህር ባንግ ከበሩ ሲመለሱ እሱን አዩ፤ ዛሬ በሩ ባዶ መሆኑ ያኔ ነው የገባቸው። በደከመ ጉልበታቸው ወለሉ ላይ እየተሳቡ እፊቱ ደረሱና መዳፋቸውን ሊዘረጉ ሲሉ ሙሉነህ ቀደማቸው። ተደፋ። በዚህ ጊዜ የተደፋው እንደ ቅድሙ በሥርዓት አልነበረም፤ የጎረምሳ ልቅሶ እያለቀሰ፣ ትከሻው እየተርገፈገፈ ነው። ተማሪዎቹ ወዴት እንደሚያዩ ግራ ገባቸው። ሉችያ ፊቷን በእጅጌዋ ሸፈነች።

የመምህሩ እጅ ጀርባው ላይ አረፈ። ቀላል እጅ ነው።

“እንኳን ደህና መጣህ” አሉት በደችኛ።

እሳቸው ለመሄድ አራት ቀን ነበር የቀራቸው። ሙሉነህ ተነስ እስኪሉት ድረስ አልተነሳም፤ እሳቸውም ቶሎ አላሉትም።