የማርቲን እጅ

«ሳትነኪው እንዳትወጪ» አለቻት ጎረቤታቸው ዴልያ፣ የሻይ ስኒ እያቀበለቻት። «አስከሬኑን ያልነካ ሰው፣ ሟቹ በሕልሙ እየመጣ እንቅልፍ ይነሳዋል።»

ኑላ ታውቃለች። እዚህ ጎልዌይ ወደብ ዳር ይህን የማያውቅ የለም። ለቅሶ ደራሹ ይገባል፤ «ነፍስ ይማር» ብሎ የሟቹን፣ የአባቷን የማርቲንን እጅ ይነካል፤ ከዚያ ሳንድዊቹን ይዞ ስለ ኳስ ያወራል። እሷ ግን ከትናንት ጀምሮ ከወጥ ቤቱ አልፋ አስከሬኑ ወዳለበት ሳሎን አልገባችም። ነገ ጠዋት ደግሞ የሬሳ ሳጥኑ ይዘጋል።

ከስንት ዓመት በኋላ ወደ ተወለደችበት ከተማ የመጣችው እንደ ጎብኚ ሆቴል ይዛ ነው። ወሬኞቹ ይህንንም አላለፏትም።

«የገዛ አባቷን ተጸይፋ ነዋ!» አለች አንዷ፣ ያንሾካሾከች መስሏት።

ተጸይፋ አይደለም፤ ፈርታ ነው። ያ እጅ! ሰባት ዓመቷ ሳለ፣ ባሕሩ ሞልቶ፣ በወደቡ የድንጋይ ደረጃ ቁጭ ብላ ሸርጣን ስታይ አባቷ ከኋላዋ ደረሰ። በፀጉሯ ጎትቶ አወጣትና በጥፊ አጮላት። ከዚያ ወዲህ ኮቴውን በሰማች ቁጥር ትደበቅ ነበር። ሞቶም አልለቀቃትም።

«ዴልያ፣ ቢነሳስ?» አለች፣ ትልቅ ሴት መሆኗን ረስታ።

ዴልያ ልትስቅ ብላ ተወችው። «ማርቲን? ልጄ፣ በዚህ ሰፈር እንደ አባትሽ ያለ ፈሪ አልነበረም እኮ።»

«አባቴ? ፈሪ?»

«ያ ጥፊ የፈሪ ዱላ ነው። ሮናን የሚባል ታላቅ ወንድም ነበረሽ። ከዚያው ደረጃ ላይ ወድቆ ባሕሩ በላው፤ አንቺ ገና አልተወለድሽም። አባትሽ ስሙን ከእንግዲህ እንዳታነሱብኝ ብሎ ሁላችንንም አስማለን። ይኸው፣ መሐላዬን አፈረስኩ። አንቺን የመታሽ ቀን ከቤቴ ጓሮ ሲያስመልሰው አገኘሁት። ክብሪት መጫር አቅቶት ሲጋራውን የለኮስኩለት እኔ ነኝ።»

ኑላ ስኒዋን አስቀመጠች። ወደ ሳሎኑ ገባች፤ ሰዉም ገለል አለላት። አባቷ እሷ ከምታስታውሰው አንሶ ተኝቷል። ፍርሃቷ አሁንም እዚያው ነበር፤ እየፈራችም ቀረበች።

«አልወደቅኩም እኮ፣ አባባ» አለችው።

ጎንበስ አለችና ጉንጯን ቀዝቃዛው እጁ ላይ አሳረፈች።